የባሌ ጃኬት ላይ ያገኘሁት ወርቃማ ፀጉር

ሰኞ ጠዋት የባሌን ጃኬት ልዘፈዝፍ አንስቼ... ትከሻው ላይ አንድ ረጅም ወርቃማ ፀጉር አየሁ።

የኔ ፀጉር ጥቁር ነው። እሱ ደግሞ መላጣ ነው።

ባሌ አድማሱ እዚሁ ቦንጋ የወንጀል መርማሪ ፖሊስ ነው። እኔ ጤና ጣቢያ ላብራቶሪ ውስጥ እሰራለሁ። የፎረንሲክ ስልጠና ወስዶ ከመጣ ወዲህ እራት ላይ ወሬው ሁሉ ማስረጃ ሆኗል። ሁለት ነገር ከተነካካ አንዱ ከሌላው የሆነ ነገር ይዞ ይሄዳል ይላል... ፀጉር፣ ክር፣ አፈር። ደም የነካው ጨርቅ ፌስታል ውስጥ አይታሸግም፣ ታፍኖ ይሻግታል፣ ወረቀት ፖስታ ውስጥ ነው የሚገባው። «ሰው ይዋሻል አስቱ፣ ዕቃ ግን አይዋሽም» ይለኛል ቆጮውን እየጎረሰ።

እኔም እንዳስተማረኝ ፀጉሯን በወረንጦ አንስቼ ፖስታ ውስጥ ከተትኳት። እጅጌውን ስገለብጠው ደግሞ ጠቆር ያለ እድፍ አለ። የፀጉር ቀለም ነው አልኩ።

እውነቱን ለመናገር ጥርጣሬው ከዚያ በፊት ነው የጀመረኝ። ሰውዬው ቅዳሜ ቅዳሜ «ዋጫ ሄጄ የማጣራው ጉዳይ አለ» ብሎ በማለዳ ይወጣል። ማታ ሲመጣ ወገቡን ይዞ ነው። ወገቡን! ቢሯቸው ደግሞ አዲስ ፀሐፊ መጥታለች፣ እስከ ወገቧ የሚደርስ ቢጫ የፀጉር ቅጥያ የምትሰራ። ያምርባታል... እግዜር ይይላት።

አድማሱ ሁሌ እንደሚለው የተገኘውን ነገር ከምታውቀው ነገር ጋር ሳታነፃፅር ማንንም መክሰስ አይቻልም። ስለዚህ በነጋታው ቁልፍ ረሳሁ ብዬ ቢሯቸው ሄድኩ። ፀሐፊዋን እንደ እህቴ አቀፍኳት። ፀጉርሽ ሲያምር እያልኩ ዳበስኳት፣ እየዳበስኩም አንዲት ዘለላ ነጨሁ። ልጅቷ ጭንቅላቷን እያሻሸች አመሰገነችኝ።

ወደ ላብራቶሪዬ ተመልሼ በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጡ ሁለቱንም ሰገራ የምናይበት ማይክሮስኮፕ ስር አስቀመጥኳቸው። የሰው ፀጉር ላዩ ላይ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተደራረበ ቅርፊት አለው። የፀሐፊዋ ዘለላ ቅርፊት የላትም፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልሙጥ ፕላስቲክ ናት። የጃኬቱ ደግሞ ከሁለቱም አልሆነ... ብዙ ቀጫጭን ክሮች ተጣብቀው አንድ ገመድ የሆኑ ይመስላል። ጫፏን ክብሪት አስነካኋት። ፀጉር ሲቃጠል የተቃጠለ ቀንድ ይሸታል። ይቺ ግን ወረቀት ወረቀት ሸተተችና ጫፏ አመድ ሆነ።

ቃጫ ነው። የእንሰት ቃጫ! እጅጌው ላይ ያለውም የእንሰት ጭማቂ ነው፣ ጨርቅ ከነካ የማይለቅ። እንሰት ሲፋቅ እያየሁ ያደግኩ ሴት ይሄን ለማወቅ ማይክሮስኮፕ አስፈለገኝ። ቅናት ዓይን የለውም።

ሌላዋ ብትሆን እዚህ ላይ እፎይ ትል ነበር። እኔን ግን ባሰብኝ። በእኛ ዘንድ እንሰት መፋቅ የሴት ስራ ነው፣ ወንድ እዚያ ድርሽ አይልም። ታዲያ ባሌ ቃጫ ትከሻው ላይ እስኪቀር ድረስ ከየትኛዋ ፋቂ ጋር ነው የሚተሻሸው? የከተማዋስ ትሻል ነበር፣ ገጠር ጎጆ ቀልሷል ማለት ነው። ወልዶም ይሆናል። እስከ ቅዳሜ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ቅዳሜ እሱ እንደወጣ ፖስታዬን ይዤ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። እናቴ የምትኖረው ዋጫ ሳይደረስ ነው፣ አባቴ ካረፈ ወዲህ ብቻዋን። መጀመሪያ እሷ ጋ ገብቼ ላለቅስ፣ ከዚያ ሴትየዋን ልፈልግ ነው እቅዴ።

ቤቱ ክፍት ነው፣ ሰው የለም። ከጓሮ የመፋቅ ድምፅ ይሰማል። ዞሬ ስሄድ እንሰቱ መሃል አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቁጭ ብላ ትፍቃለች። የእናቴን ሻሽ አስራለች፣ የእናቴን ቀሚስ ለብሳለች። እማዬ ሰራተኛ ቀጠረች ብዬ ገረመኝ። ሰላም ስላት ዞረች...

ፂም አላት።

አድማሱ ነው። እናቴ አጠገቡ ቆማለች፣ ቀኝ እጇ በጨርቅ አንገቷ ላይ ታስሯል።

ከዚያ እሱ እጄ ላይ ያለውን ፖስታ አየ። «ምንድን ነው?» አለኝ።

«ማስረጃ» አልኩት።

ከፍቶ የቀረችውን ቃጫ ወደ ብርሃን አንስቶ አያት። ሻሹን እንዳሰረ ቁምነገረኛ ሆነ። «አያያዙ ጥሩ ነው» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ በክረምቱ አዳልጧት ወድቃ እጇ አልጨብጥ ብሏታል። እሱ ለስራ ባለፈበት ቀን አገኛት፣ አስማለችው። ለአስቱ ከነገርካት ቦንጋ ወስዳ ታስቀምጠኛለች፣ ጓሮዬም ዳዋ ይበላዋል ብላ። ጎረቤቶቿን እንዳትለምን ቦንጋ ለገበያ ሲመጡ ይነግሩኛል። ፖሊስ እንሰት ሲፍቅ ከታየ ደግሞ ዋጫ ላይ ከእንግዲህ ማንንም በቁምነገር አያስርም። ቀሚሱ የመጣው በዚህ ነው።

እጇን ላየው ስጠጋ ሸሸገችብኝ። ዓይኔ እንባ ሞላ። «እኔ ልጅሽ እያለሁ ለምን ለሱ?» አልኳት።

እሷ በካፍኛ ቀስ ብላ፣ «አንቺ ብትሰሚ ትመረምሪኛለሽ» አለችኝ። «እሱ ግን ይፍቅልኛል።»

የስራ ቀሚስሽን አውሺኝ አልኳት። ያለው አንድ ነው፣ አድማሱ ለብሶታል። በጂንሴ ከጎኑ ቁጭ አልኩ። እማዬ ትንሽ ቆማ አየችንና ለእኔ «ከሱ ተማሪ» ብላኝ ገባች።

ምሳ ሲቀርብ የመጀመሪያውን ጉርሻ ለሱ ሰጠችው። ፀሐፊዋን ይቅርታ ብያታለሁ... አሁን ባሌን የምጠረጥረው ከእናቴ ጋር ነው።