ሰባቱ ክትሮች

ዋቅቶላ ከጊምቢ ወጥቶ፣ በደን ሙያ ዲፕሎማ ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር። አሁን አርባን አልፏል። ከእነዚህ ዓመታት አሥራ አንዱን ያሳለፈው ከእንጦጦ ሥር ባለ አንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ በአረንጓዴ ልማት ክፍል ነው። የሚያውቀው ነገር ብዙ አልነበረም፤ የሚያውቀውን ግን ጠንቅቆ ያውቃል። ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም። ሳምንታት ይጠፋና የወሩን ሁሉ ባንድ ከሰዓት ያወርደዋል። ያ ውኃ ከእንጦጦ ማርያም በታች ባለው ቦረቦር ተምዘግዝጎ ቀበና ወንዝ ዳር ያሉትን ቤቶች ይመታል። መላው ከባድ አልነበረም፤ ቦረቦሩን በየቦታው እያቋረጡ ድንጋይ መካብ፣ ክትር መሥራት ነው። ሠላሳ ክትር ያስፈልጋል ብሎ ከጻፈ አራት ዓመት ሆነው።

ወረዳው ግን ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያውቀው ችግኝ ብቻ ነበር። ያውም የባለሥልጣናት መኪና በሚደርስበት ሜዳ ላይ፣ አምና በተተከለበት፣ ካቻምናም በተተከለበት ጉድጓድ። የሪፖርቱ ቅጽ «የተተከለ» የሚል ዓምድ አለው፤ «የጸደቀ» የሚል የለውም።

በ2005 ዓ.ም. ሰኔ፣ ለተከላው ዝግጅት አርባ የቀን ሠራተኞች ሲሰጡት፣ ዋቅቶላ አሥሩን ሜዳው ላይ ተወና ሠላሳውን ይዞ ወደ ቦረቦሩ ወረደ። በሁለተኛው ቀን፣ አምና ጎርፍ ጓዳቸው የገባባቸውን ከሰል ሻጭ፣ ወይዘሮ ዘሙሩድን ቤታቸው ሄዶ አገኛቸው።

«እትዬ ዘሙሩድ፣ ዘንድሮ ውኃው ጓዳዎ አይገባም።»

«ወላሂ፣ እንዲህ ካሉኝ አንተ አራተኛው ነህ» አሉት። «ሦስቱ ግን ደብተር ይዘው ነው የመጡት። ያንተ እጅ ቢያንስ ቆስሏል።»

በሦስተኛው ቀን ሰባተኛው ክትር እንዳለቀ የወረዳው ሥራ አስፈጻሚ ለይኩን ደወለ።

«ሰዎቹ የት ናቸው?»

«ቦረቦሩ ውስጥ። ክትር እየሠሩ ነው።»

«ክትር በዕቅዱ አለ?»

«የለም። ጎርፉ ግን አለ።»

«ዋቅቶላ፣ ቅዳሜ ካሜራ ይመጣል። ቦረቦር ውስጥ ደግሞ ካሜራ አይገባም።»

ሠራተኞቹ ተመለሱ። ቅዳሜ፣ ሱፍ የለበሱ እንግዶች ችግኙን ከነፕላስቲኩ ተከሉት። ዋቅቶላ አንዱን ነቅሎ ፕላስቲኩን ሊያወልቅ ሲያጎነብስ ፎቶ ታበላሻለህ ተብሎ ዘወር ተደረገ። ሰኞ ግምገማ ተጠራ። ሊናገር ያሰበውን ሁሉ ትቶ፣ «ሳላስፈቅድ ማድረጌ ስህተት ነው» ብቻ አለ። ይህን በማለቱ ቀኑን ሙሉ ራሱን ሲረግም ዋለ። ከሐምሌ አንድ ጀምሮ ወደ ንግድ ፈቃድ ፋይል ክፍል ተዛወረ።

የከፋው ግን ዝውውሩ አልነበረም። ሰባቱም ክትሮች ያሉት ከላይ ነው፤ ከታች የሚያግዛቸው የለም። አንዱ ቢናድ ጎርፉ ድንጋይ ጨምሮ ይመጣል። ይህን ለዘሙሩድ ሳይነግራቸው መቅረት አልቻለም።

ሲነግራቸው ከሰል መስፈራቸውን አላቆሙም።

«እና ምን አድርጊ ነው የምትለኝ?»

«እስከ መስከረም ጉርድ ሾላ፣ ልጅዎ ጋ ቢሰነብቱ።»

«መንግሥት ለክረምቱ ያዘጋጀልኝ ይኼ ነው? ከቤትሽ ውጪ?»

«መንግሥት አይደለም። እኔ ነኝ የምልዎት።»

«አንተማ ምን ታደርግ።» ጣሳውን አስቀመጡ። «እኔ ከቤቴ የትም አልሄድም። ድንጋዩን የካብከው አንተ ነህ፤ ሄደህ አውርደው።»

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን እንደወጣ ዲጂኖ ተውሶ ብቻውን ወጣ። ከታችኛው ክትር ቢጀምር የላይኞቹ ይናዱበታል፤ ስለዚህ ከላይኛው ጀመረ። የቀን ሠራተኞቹ አጥብቀው ነበር የካቡት፤ አንዱን ድንጋይ ለማላቀቅ ሩብ ሰዓት ፈጀበት። እየነቀለ ያወጣቸውን ወደ ታች አልወረወረም። ቦረቦሩ አፍ ላይ፣ ውኃ በማይደርስበት ጥግ፣ ትልቁን ከታች ትንሹን ከላይ አድርጎ ደረደራቸው። ምናልባት አንድ ቀን ለክትር ድንጋይ የሚጠይቅ ሰው ከመጣ።