አፏን በታብሌት የፈታች ልጅ

መነጽር ሻጩን ሰፈሩ «ዶክተር» ይለዋል። ዶክተር አይደለም። ነጭ ጋዋኑን ለብሶ፣ የደንበኛውን አገጭ ቀና አድርጎ «እስቲ ወደ ላይ ይመልከቱ» ሲል ግን እንኳን ሌላው እሱ ራሱም ይረሳዋል። ስሙ ለሹፈት የወጣለት ነበር፤ እሱ ግን ከልቡ ተቀብሎ «አቤት» ይልበት ጀመር።

ሴት ልጅ ሲወለድለት ደግሞ ከዓይን ወደ አንጎል ተሻገረ። አንድ ሰውዬ ስልኩ ላይ «የልጅ አንጎል የሚሠራው በጨቅላነቱ ነው» ሲል ሰማ። ሰውዬው ንግግሩን ገና አልጨረሰም። ዶክተር ግን የቀረውን ለመስማት ጊዜ አልነበረውም፤ የሕፃናት የሥዕል ካርድ ሊገዛ ወጥቷል።

ብዙም ሳይቆይ የቤቱ ግድግዳ ሥዕል ለበሰ። ካልጋው በላይ ፕላኔቶች፣ ማድቤቱ በር ላይ ባንዲራዎች፣ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ የሰው አጽም። ልጅቷ ቁጭ ማለት ስትጀምር ታብሌት ተገዛላት። ታብሌቱ ውስጥ ያለችው ሴትዮ አትደክም፣ አትቆጣ፣ አታስነጥስ። ልጅ ሲያገኝ «ትክክል ነው! በጣም ጎበዝ!» ትላለች፤ ሲስት «ደግመሽ ሞክሪ!»

ከሕንጻው ምድር ቤት አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች። ልጆቿ ከጎረቤት ልጆች ጋር ደጃፏ ላይ ሲንጫጩ ይውላሉ። ዶክተር በዚያ ሲያልፍ ጎርፍ እንደሚሻገር ሰው ልጁን ከፍ አድርጎ ያቅፋታል።

«ወረድ ብላ ብትጫወትስ?» ትለዋለች ሚስቱ። ሱፐርማርኬት ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ናት፤ ከሰው ጋር ስትነታረክ ስለምትውል፣ ሰው ከሰው ቢነካካ እንደማይሞት ታውቃለች።

«ከነዚያ ጋር? ምን ሊያስተምሯት?»

ልጅቷ አራት ዓመት ሲሞላት ፕላኔቶቹን በቅደም ተከተል ትዘረዝራቸው ነበር። ውሃ ሲጠማት ግን ብርጭቆው ፊት ቆማ ታለቅሳለች። አንድ ቀን አክስቷ ከሩቅ መጥታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠቻት።

«ናፍቀሽኝ መጣሁ እኮ፣ የኔ እናት!»

«ደግመሽ ሞክሪ» አለቻት ልጅቷ።

ዶክተር እስኪያነባ ሳቀ። እናትየው አልሳቀችም።

ነገሩ የፈነዳው በሽንኩርት ነው። እናት ስትከትፍ ቢላው ጣቷን ቆረጣት፤ «ወይኔ!» ብላ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ ቀረብ ብላ ደሙን አየች።

«ቀይ!» አለች። «ትክክል ነው! በጣም ጎበዝ!»

«ሰማሽ? ቀለም ለየች እኮ!» አለ ዶክተር ከሳሎን።

ሚስቱ ጣቷን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ለልጇ ጫማ አድርጋላት፣ እጇን ይዛ ወጣች።

«ወዴት ነው?»

«ሰው ወዳለበት!»

ታች ልጆቹ ሱቅ ሱቅ እየተጫወቱ ነበር። የልብስ ሰፊዋ ትልቋ ልጅ ባለሱቅ ናት፤ ካርቶን ላይ የልብስ ቁልፎች ደርድራለች።

«ምን ልስጥሽ? ትኩስ ዳቦ አለ።»

የዶክተር ልጅ ቁልፉን አገላብጣ አየችው። «ክብ። አራት ቀዳዳ።»

«ዳቦ ነው አልኩሽ!»

«ቁልፍ ነው።»

«አትገዢም? እንግዲያው ከሰልፉ ውጪ!» ብላ ገፋ አደረገቻት። የዶክተር ልጅ በዕድሜዋ ማንም ገፍቷት አያውቅም። የምትለው ቢጠፋት የባለሱቋን ክንድ ነከሰች።

«አላልኩሽም?» አለ ዶክተር ማታ፣ ፊቱ በድል ወዝቶ። «ባንድ ቀን አውሬ አደረጓት!»

በማግስቱ ግን ልጅቷ ጫማዋን ግራና ቀኙን አቀያይራ አጥልቃ በሩ ላይ ቆማ ተገኘች። «እማ፣ ታች» አለች። ማንም ሳያስጠናት የለመነችው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነበር። እናት ባሏን ከቁብ ሳትቆጥር በሩን ከፈተችላት።

የተነከሰችው ልጅ መጀመሪያ ፊቷን አዞረችባት፤ ኋላ የሚገዛ ሰው ሲጠፋ ታረቀቻት። በዚያው ዳቦው ዳቦ ሆነ። ወዲያው «ተወደደ፣ ቀንሺ!» ማለት መጣ። ተራ መጠበቅ፣ ማኩረፍ፣ ያኮረፈን ማባበል፣ ትንሹ ልጅ ሲወድቅ «አይዞህ» ብሎ አቧራውን ማራገፍ፤ የትኛውም ግድግዳው ላይ አልነበረም።

ዶክተርን ያሳበደው ግን ውሸቱ ነው። አንድ ቀን ለናሙና ያመጣው የመነጽር ፍሬም እግሩ ተሰብሮ አገኘው።

«ማነው የሰበረው?»

ልጅቷ አባቷን አየች፣ ፍሬሙን አየች፣ አሰበች። «ድመት» አለች።

«ድመት የለንም!»

«ሄደች።»

እናት እቅፍ አድርጋ ሳመቻት። «ውሸታም ሆነች እኮ! ምን ያስደስትሻል?» ብሎ ጮኸ ዶክተር። ሚስቱ የተደሰተችበት ነገር ወዲህ ነው፤ እሷ የምታውቀውን አባቷ እንደማያውቅ ልጅቷ ገባት ማለት ነው። ሌላው ሰውም ውስጡ የራሱ ሐሳብ እንዳለው ካርድ አያስተምርም። ባሏም ቢሆን ይህን ገና አልደረሰበትም ነበር።

የመዋዕለ ሕፃናት ፈተና ደረሰ። ዶክተር ጋዋኑን ለብሶ ሄደ። ርዕሰ መምህርቷ የቀበሮ ሥዕል አውጥታ፣

«ይሄ ምንድን ነው?» አለቻት።

«አታውቂውም እንዴ?» አለች ልጅቷ።

«እ... አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ ለምን ትጠይቂኛለሽ?»

ዶክተር በላብ ተጠመቀ። ርዕሰ መምህርቷ ግን ከወንበሯ እስክትንሸራተት ሳቀች። «ይቺስ ሰው ሰው ትሸታለች! ከማን ጋር ነው የምትውለው?»

«በራሴ ዘዴ ነው የማሠለጥናት» አለ ዶክተር፣ ላቡን ሳይጠርግ።

ልጅቷ ፈተናውን አልፋ ትምህርት ቤት ገባች። ዛሬ መነጽር ሱቁ ውስጥ ከፍሬሞቹ ጎን የፕላኔት ካርድ ይሸጣል፤ ሕፃን ይዞ የገባ ደንበኛ ሁሉ ስለ አንጎል ሳይሰማ አይወጣም። ማታ ማታ ዶክተር ልጁን ሊወስድ ወደ ልብስ ሰፊዋ ይወርዳል። ልጁ «አባ፣ ቆይ፣ ገና ነኝ» ስትለው በርጩማ ስቦ፣ እንዴት አድርጎ እንዳሠለጠናት ለልብስ ሰፊዋ ከሥሩ ይተርክላታል። ልብስ ሰፊዋ ስፒል በከንፈሯ ነክሳ ስለምትሠራ አፏን መክፈት አትችልም። እሱ ደግሞ ዝምታዋን መስማማት ነው ብሎ ይቀጥላል።