ስም የሸሻቸው መምሬ

ከጎንደር የተነሣው ሚኒባስ ዳባትን አልፎ ጉም ውስጥ ሲገባ፣ ከገበያ ከምትመለሰው ከታንጉት ጎን የተቀመጡት ቄስ መስኮቱን በጋቢያቸው ጫፍ ይወለውሉ ጀመር። ጉሙ ግን ከውጭ ነበር። ቅንድባቸው ረግፏል። ከንፈራቸው ድምፅ ሳያወጣ አንድ ነገር ይፈልጋል፤ ያጣዋል፤ መልሶ ይፈልጋል። ታንጉት ጸሎት መስሏት አቀርቅራ ቆየች።

«ጸሎት እንኳ አይደለም፣ ልጄ» አሏት። «ደባርቅ ላይ የምትቀበለኝን የልጄን ስም ነው የምፈልገው። የካንሰሩ መድኃኒት ዕጢውን ሲያባርር ስሞቹንም አብሮ አባረረብኝ። መልኳ አለ፤ ሳቋ አለ፤ ስሟ ግን እንደዚህ ጉም ነው፣ ስጨብጠው የለም። ዝም ካልኳት ‹አባቴ አለቀለት› ብላ ታለቅሳለች።»

ታንጉት አሰብ አደረገች። «እርስዎ ቄስ አይደሉ፣ መምሬ? የክርስትና ስሟን ይጠይቋትና በእሱ ይጥሯት። ቄስ ቢጠይቅ ማን ይታዘባል?»

«ወይ ጉድ! ምእመን ለቄስ ብልሃት ታስተምር ጀመር?» አሉና ትከሻቸው እስኪነቃነቅ ሳቁ።

ደባርቅ ሲወርዱ አንዲት ወጣት ሮጣ መጥታ ጉልበታቸውን ሳመች። እሳቸውም የእጅ መስቀላቸውን አወጡ።

«የክርስትና ስምሽን ማን ልበል?»

«እንዴ አባዬ፣ እርስዎ አይደሉ የመረጡ...» ብላ እየሳቀች ጀመረችና ዐይናቸውን አየች። ሳቋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ፣ እንደማንኛዋም ምእመን ጎንበስ አለች።

«ወለተ ጊዮርጊስ» አለች። «አባ ይፍቱኝ።»