ወራጅ የሌለው ባቡር

ክፍሉን መጀመሪያ ያየሁት ከሰዓት በኋላ ነበር። የብረቱ በር ከኋላዬ ሲዘጋ ዓይኔ ገና ከውጭው ፀሐይ አልተመለሰም፤ የታየኝ የእግር ብዛት ብቻ ነው። የተዘረጋ እግር፣ የታጠፈ እግር፣ ካልሲ ያለውና የሌለው። ቀጥሎ ሽታው መጣ፤ ላብ፣ በረኪና፣ የአደረ ሽሮ። ከግንቡ ወዲያ የከባድ መኪና ጥሩምባ ይሰማል። ቃሊቲ ነው፤ ለዓመታት ጠዋት ጠዋት ታክሲ ስጋፋበት የኖርኩት መንገድ እዚያው አጠገቤ ነው። ካቦው፣ ማለትም የክፍሉ አለቃ የሆነው እስረኛ፣ የምተኛበትን ጥግ በአገጩ አሳየኝ።

"ከጋሼ ጎን ነህ። ዓይናቸው ደካማ ነው፣ እግራቸውን እንዳትረግጥ" አለኝ።

ለምን እንደታሰርኩ ማብራራት አልፈልግም። ጽፌ ነበር፣ የጻፍኩትን ያልወደዱት ሰዎች ነበሩ፣ ይኸው ነው። ጋሼ ደግሞ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። እሳቸውን ያመጣቸው ስብሰባ ላይ ተነስተው የተናገሩት ነገር ነው። ግራጫ ኮታቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይንተራሱታል፤ የሚለብሱት ለፍርድ ቤት ቀጠሮ ብቻ ነበር። ግላኮማ የሚሉት በሽታ የዓይናቸውን ብርሃን ከዳር ወደ መሐል እየበላው ነው። እህታቸው ከሳሪስ አቦ እየመጡ ጠብታ ያቀብላሉ። ጋሼ እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ብቻቸውን ሲሞክሩ መድኃኒቱ ጉንጫቸው ላይ ይቀራል። እኔ ከመጣሁ ወዲህ ጠዋትና ማታ የምጨምርላቸው እኔ ሆንኩ። ሐኪሙ "ጠብታው ከተቋረጠ የቀረውም ይሄዳል" ብሏቸው እንደነበር የነገሩኝ እንደ ቀልድ አድርገው ነው።

ከእኛ ጋር ሁለት ሰዎች ይበላሉ። አንዱን ባለ ትኬቱ እንለዋለን፤ በአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀምጦ ለስንቱ አገር ትኬት ሲቆርጥ የኖረ፣ ራሱ ግን አውሮፕላን ተሳፍሮ የማያውቅ። ሌላው ባለ ኳሱ ነው፤ የሳሪስ ልጅ፣ የአውሮፓን ከተማ ሁሉ በእግር ኳስ ብቻ የሚያውቅ።

ጉዞው እንዴት እንደተጀመረ አልረሳውም። ከምሳ በኋላ ሁሉም በየፍራሹ ጋደም ባለበት ሰዓት ጋሼ ድንገት፣

"አሁን በሩ ተከፍቶ ሂዱ ብትባሉ የት ትሄዳላችሁ?" አሉን።

ባለ ኳሱ አፉን ከፈተ። "እኔማ ሳሪስ፣ እናቴ ጋ..."

"ኧረ ተው! ሩቅ በሉ፣ ሩቅ!" ብለው አቋረጡት። ድምፃቸው ትንሽ ቆጣ ያለ ነበር። "አውሮፓ ለምሳሌ።"

ያን ዕለት ሮም ገባን። ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ፤ በጉዞው ላይ ቤትና ሰፈር አይነሳም።

የምንሄደው በባቡር ነው። ከጣሪያው ሥር ያለችው ትንሽ የብረት መስኮት ከሰዓት በኋላ ግድግዳው ላይ አንድ ቁራጭ ብርሃን ትጥላለች። ብርሃኑ ከካቦው ፍራሽ በላይ ሲታይ ባቡራችን ይነሳል፤ ቀስ እያለ ግድግዳውን ተሻግሮ ጥግ ያለው የውሃ ባልዲ ጋ ሲደርስ ለቆጠራ እንጠራለን። በመሐሉ ያለው ጊዜ የእኛ ነው። የመስኮቱ ወንበር የጋሼ ነው፤ በዚህ ክርክር የለም። ዓይናቸውን ጨፍነው ግድግዳውን ይደገፋሉ፣ እኛ ደግሞ በተራ በተራ ውጪውን እንነግራቸዋለን።

ባለ ትኬቱ ጥብቅ ሰው ነበር። ሻንጣ ይመዝናል። "በርበሬ በእጅ ሻንጣ አይገባም" ብሎ ከባለ ኳሱ ጋር አንድ ሙሉ ከሰዓት ተጣልቷል።

"ያለ በርበሬ ቪየና ላይ ምን ልንበላ ነው?"

"የአገሩን ምግብ!"

"አንተ ብላው የአገሩን ምግብ። እኔ ሆዴ ፓስፖርት የለውም።"

ሚላኖ ስንደርስ ተራው የባለ ኳሱ ነበር። "ጋሼ፣ ሣሩ ይገርማል። ከሥሩ ይሞቃል አሉ፣ በክረምት እንኳ በረዶ አይዝበትም" አላቸው።

"ልጄ፣ ከተማውን ነው እኮ ያልኩህ። ሰው የለም?"

"ሰዉማ ስታዲየም ገብቷል ጋሼ።"

ጋሼ ሲስቁ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። እኔ የማላውቀውን ሁሉ እፈጥር ነበር። ከሚላኖ ወደ ሰሜን ረጅም የተራራ ዋሻ እንዳለ ባለ ትኬቱ ነገረን፤ ከዋሻው ስንወጣ ሐይቅ ያስቀመጥኩት ግን እኔ ነኝ። ሐይቁ ዳር ቀይ ጣሪያ ያለው ቤት ሠራሁ፣ ሰገነቱ ላይ አንሶላ የምታሰጣ ሴት አቆምኩ። ጋሼ "እንዳታልፈኝ፣ ቀስ በል" ይሉኛል። ቀስ እላለሁ። አንሶላው በነፋስ ሲነሳ እኔም አየው ነበር፤ እውነቴን ነው። የክፍሉ ሙቀት፣ የሰዉ ሳል፣ የሬዲዮኑ ጩኸት ሁሉ እልፍ ብሎ ይሄድና ፊቴን ቀዝቃዛ አየር ይነካኛል።

አንድ ቀን ቪየና ልንገባ ስንል ባለ ኳሱ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ "ወራጅ አለ!" ብሎ ጮኸ። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። ጋሼ ግን ዓይናቸውን ገለጡ።

"እዚህ ባቡር ላይ ወራጅ የለም" አሉ ቀስ ብለው። "ወርደን የት ልንገባ ነው?"

ያን ቀን ጉዞው እዚያው ላይ ቆመ። ባለ ኳሱም ያችን ቃል ደግሞ አላነሳትም።

ቪየና ላይ ዝናብ ያዘን። አንድ ጣሪያ ሥር ቆመን ብዙ ቀን አሳለፍን፤ እውነተኛው ክረምትም ቆርቆሮውን እየደበደበ ስለነበር ለመፍጠር እንኳ አልደከምንም። ቀጣዩ ፕራግ፣ ከዚያ በርሊን፣ ከዚያ ፓሪስ ነው። ፓሪስን ጋሼ ለመጨረሻ አቆይተውታል።

በዚያ ሰሞን አንድ ጠዋት፣ ከቆጠራ በኋላ ጠባቂዎች ገቡ። በቀጥታ ወደ እኛ ጥግ መጡ። ፍራሻችንን ገልብጠው ሲሚንቶውን በዱላ እያንኳኩ ማዳመጥ ጀመሩ። ምን እንደሚፈልጉ አልገባንም። ከዚያ አራታችንንም አውጥተው አንድ በአንድ ወደ ኢንስፔክተሩ ቢሮ አስገቡን። እኔ የገባሁት መጨረሻ ላይ ነው።

ኢንስፔክተሩ ከፔርሙዝ ሻይ እየቀዳ ነበር።

"ዋሻው የት ነው?" አለኝ።

"የቱ ዋሻ?"

"በባቡር የምታመልጡበት። ድንበር የምትሻገሩበት። ስትመክሩበት የከረማችሁት ዋሻ ነዋ!"

ያን ጊዜ ገባኝ። በሩ አጠገብ የሚተኛ አዲስ እስረኛ ነበር፤ ከማንም ጋር አይጫወትም፣ ጆሮው ግን ከእኛ ጥግ አይነሳም። የሰማውን ሰምቶ ሊያመልጡ ነው ብሎ ነግሯል። ሳቄ ሊያመልጠኝ ሲል ኢንስፔክተሩ ቀጠለ።

"እውነቱን ካልነገርከኝ እበትናችኋለሁ። ሽማግሌው ያለ እናንተ እንዴት እንደሚሆኑ አስብበት።"

ሳቄ ጠፋ። የታየችኝ ያቺ ትንሽ የጠብታ ጠርሙስ ናት። ውሸት ብናገር የሦስቱን ቃል ያፈርሳል፤ እውነቱ ደግሞ ራሱ ውሸት ይመስላል።

"ዋሻው ስዊዘርላንድ ነው" አልኩት።

"ትቀልድብኛለህ?"

"አልቀልድም።" ከሮም ጀምሬ ነገርኩት። ሚላኖ ላይ ስለ ሣሩ፣ ስለ በርበሬው ጠብ፣ ስለ ሐይቁ፣ አንሶላ ስለምታሰጣዋ ሴት። ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ።

"ቪየና ላይ ለምን ቆያችሁ?"

"ዝናብ ነበር።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ሦስቱም ዝናብ ነበር አሉ።" ሻዩ ሲቀዘቅዝ ይታየኛል። "ፓሪስስ?" አለኝ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ገና አልደረስንም።"

"ሂድ" አለኝ።

የተረፍን መሰለኝ። ምሳችንን በደስታ በላን። ከዚያ ብርሃኑ ከካቦው ፍራሽ በላይ ብቅ አለ፤ ጋሼም ግድግዳቸውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። በሩ የተከፈተው ያኔ ነው። ጠባቂው የጋሼን ስም ጠራና፣

"ሙሉ ዕቃዎን ይዘው ይውጡ!" አለ።

እስር ቤት ውስጥ ይቺን ቃል የማይመኛት የለም፤ መፈታት ናት። ባለ ኳሱ ሊያጨበጭብ እጁን አነሳ።

"ወደ ሌላ ዞን ነው፤ እዚሁ ግቢ" አለ ጠባቂው።

የባለ ኳሱ እጅ አየር ላይ ቀረ። አንድ አዛውንት ጠብታ ከሚያደርግላቸው ሰው ለመለየት ይህን ያህል ምን አስፈለገ? ያን ቀን የተሰማኝ ጥላቻ እስከ ዛሬ ያስፈራኛል።

ጋሼ ግን አልተቻኮሉም። ነጠላውን ፈተው ግራጫ ኮታቸውን ለበሱ። ባለ ኳሱ ቁልፋቸውን አስተካከለላቸው፤ ሚጥሚጣ በወረቀት ጠቅልሎም ኪሳቸው ከተተ። ባለ ትኬቱ ብርድ ልብሳቸውንና ሳህናቸውን በፌስታል ቋጠረ፣ አንጠልጥሎም መዘነው።

"ኪሎ አላለፈም ጋሼ፣ ምንም አይሉዎትም" አለ።

እኔ ክንዳቸውን ያዝኩ።

"አንተ ተቀመጥ፣ እኔ እወስዳቸዋለሁ" አለኝ ጠባቂው።

ጋሼ ፊታቸውን ድምፁ ወደመጣበት አዞሩ። "የኔ ልጅ፣ እናትህ ቤት እንግዳ ብቻውን ይወጣል? እስከ በር እንኳ ይሸኙኝ እንጂ።"

ጠባቂው ከበሩ ፈቀቅ አለ። በፍራሾቹ መሐል ያለው መተላለፊያ የጥቂት እርምጃ ነው፤ እኛ ግን ዘመድ አውቶቡስ ተራ ድረስ እንደሚሸኝ ሰው ተጓዝነው። የተኙት እግራቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ካቦው ተነሳ፣ ክፍሉም አብሮት ተነሳ። በሩ አጠገብ ያለው ያ ሰውዬ ሳይቀር አንገቱን ደፍቶ ቆመ። ጋሼ እሱ ጋ ሲደርሱ "ደህና ሁን ልጄ" አሉት፤ ማን መሆኑን አውቀው ይሁን ሳያውቁ፣ አልነገሩኝም።

ጠርሙሷን የኮታቸው ደረት ኪስ ውስጥ ከተትኳት። "ጠዋትና ማታ ነው" አልኩት ጠባቂውን ጮክ ብዬ፣ "እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ ሌላ ሰው ነው የሚጨምርላቸው።" ጠባቂው ጠርሙሷን አውጥቶ አያትና በጥንቃቄ መለሳት።

"ቪየና ጠብቁኝ" አሉን ጋሼ። "ያለ እኔ ፓሪስ እንዳትገቡ!"

አልገባንም። ብርሃኑ በየቀኑ ግድግዳውን ሲሻገር ሦስታችንም ዝም ብለን እናየው ነበር።

ዛሬ ሁላችንም ወጥተናል። እኔ ገላን ኮንዶሚኒየም እኖራለሁ፣ ጋሼ ሳሪስ አቦ እህታቸው ቤት ናቸው። እዚያኛው ዞን ጠብታ የሚያደርግላቸው ሰው አንዳንዴ ተገኝቷል፣ አንዳንዴ አልተገኘም። አሁን ምንም አያዩም።

ባለፈው እሑድ እኔ ቤት ምሳ በሉ፤ ስንጨርስ ልሸኛቸው አብሬ ወጣሁ። ሚኒባስ ውስጥ ጋቢና ገባን፤ የመስኮቱ ወንበር የእሳቸው ነው። ቃሊቲን ስናልፍ እንደ ድሮው ልጀምርላቸው አሰብኩ።

"ጋሼ፣ ዝናቡ አባራ። ከቪየና ልንወጣ ነው" አልኳቸው።

እጃቸውን ጉልበቴ ላይ አሳረፉ። "ተው ልጄ፣ ዛሬ ያለውን ንገረኝ። ያኔ ሩቅ በሉ ያልኳችሁ ቅርቡ እያመመኝ ነው። ቪየናን ማንም አልወሰደብኝም። የእህቴ በር ግን ከዚያ ግንብ በታክሲ የሚደረስ ነበር።"

እኔም ያለውን ነገርኳቸው። ጎማ የሚያስቀይር ሲኖትራክ። መሬት ላይ የተዘረጋ ቲማቲም። ዣንጥላዋን የነጠቃትን ነፋስ የምታባርር ሴት። የሳሪስን ግፊያ፣ አዲስ የተለጠፈ የልብስ ስፌት ማስታወቂያ፣ ከአቦ የሚመለስ ነጭ የለበሰ ሰው። "ቀስ በል፣ እንዳታልፈኝ" አሉኝ። ቀስ አልኩ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ አንድም የፈጠርኩት አልነበረም።

ሰፈራቸው ስንቃረብ ለሾፌሩ ልናገር ስል ቀደሙኝ። እንዴት እንዳወቁት አልጠየቅኳቸውም። ቀና ብለው፣ ኮታቸውን አስተካክለው፣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ዝም በሚያሰኙበት በዚያ በመምህርነት ድምፃቸው፣

"ወራጅ አለ!" አሉ።

ሾፌሩ ዳር ይዞ ቆመ።