ኤርሚያስ የሣላቸው እጆች

መካኒሳ አቦ ያለው የእናቴ ቤት ለመንገድ ሊፈርስ ቀን ተቆርጦለት፣ ባለፈው ሳምንት ዕቃ ልናወጣ የገባን ጊዜ፣ ከቁምሳጥኑ ጀርባ ዳንቴል እንደለበሰ የተረሳ አሮጌ የኮምፒውተር ስክሪን አገኘሁ። ያ ከኋላው እንደ ሣጥን ያበጠው፣ አንድ ሰው ብቻውን ሲያነሳው ወገቡን የሚይዘው ዓይነት ነው። ለቁራሌው ከመስጠቴ በፊት ይሠራ እንደሆነ ልየው ብዬ ሶኬት ላይ ሰካሁት። ምንም አላሳየም። ጥቂት ቆይቶ ግን መሞቅ ጀመረና በቀዳዳዎቹ የጋለ አቧራና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ ወጣ፣ እኔም ዕቃ የተቆለለበት ክፍል መሀል ቆሜ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆንኩ፤ የወንድሜ የኤርሚያስ ጎባጣ ጀርባ ከፊቴ መጣ፣ የማውዙ ጠቅ ጠቅ ጆሮዬ ውስጥ ገባ።

ኤርሚያስ በሰባት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለ አንድ ትንሽ ማሠልጠኛ ኮምፒውተር ያስተምር ነበር፤ አባታችን ከሞተ በኋላ ቤቱን ቀጥ አድርጎ የያዘው እሱ ነው። የሁላችን መጨረሻ ማርታ ናት። በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ይዟት ሆስፒታል ተኛች፣ ስትወጣ ስሟን ብንጠራት የማትዞር ልጅ ሆና ወጣች። እናታችን ለብዙ ወራት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ትጠራት ነበር፤ ልጅቷ ያኮረፈች ይመስል። ኤርሚያስ ግን ትምህርት ቤት እስክትገባ ጠብቆ፣ ከእሷ እኩል ቁጭ ብሎ የምልክት ቋንቋ ተማረ፣ ለእኔም አስተማረኝ። ከዚያ እኛ ቤት ማንም ያላሰበውን ነገር ጀመረ።

ኮምፒውተሩ ላይ ሹሩባ የተሠራች፣ ቢጫ ቀሚስ የለበሰች አንዲት ልጅ ሣለ። የላም ሥዕል ስትነካ ልጅቷ በእጇ «ላም» ትላለች፣ ከሥሯ ደግሞ ቃሉ ፊደል በፊደል እየተጻፈ ይወጣል። ቀጥላ ትጠይቃለች። ከሳትሽ ራሷን ነቅንቃ እንደገና ቀስ ብላ ታሳያለች፤ ካገኘሽው ትዘላለች። ኤርሚያስ ለልጅቷ እጅ የሚሆን ሌላ ሞዴል ስላልነበረው ግራ እጁን አምፖል ፊት ዘርግቶ እያየ በቀኙ ይሥላል። ስለዚህ የሰባት ዓመት የምትመስለው የሥዕሏ ልጅ የትልቅ ወንድ እጅ ነበራት፣ ኳስ ሲጫወት የተሰበረችው ትንሿ ጣቱ ሳትቀር ጎበጥ እንዳለች። እኔ ሳቄን መቆጣጠር ያቅተኝ ነበር፤ ማርታን ግን አንድም ቀን አልገረማትም። የኔ ሥራ ፊደሎቹን መጻፍ ነበር። እናታችንም ሱፍ እየፈለፈለች ከኋላችን ታይና የላሟ ቀንድ አጥሯል ብላ ሁለት ጊዜ አስቀይራዋለች። እንዲህ እንዲህ እያለ በሁለት ዓመት ውስጥ አርባ ሁለት ትምህርት ሆነ።

ይሄ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው ፍላሽ በሚባል ነገር ነበር። ኢንተርኔት መክፈቻው ላይ ተጨምሮ የሚጫን ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ከሌለ ልጅቷ የለችም። እናታችን ፍላሽ ስትባል የምታውቀው ተማሪዎች አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉትን ዕቃ ስለሆነ፣ «እሱ እኮ መሳቢያው ውስጥ ሞልቷል» ትል ነበር።

የማርታ ትምህርት ቤት ስድስት ያረጁ ኮምፒውተሮች ያሉት አንድ ክፍል ነበረው፤ ማክሰኞና ሐሙስ ልጆቹ የኤርሚያስን ትምህርት የሚከፍቱት እዚያ ነው። አንድ መስከረም ላይ ከውጭ አሥራ ሁለት ታብሌት በእርዳታ መጣና አሮጌዎቹ ተነሡ። መምህርቷ ዘነበች ኤርሚያስን ጠርታ «እዚህኛው ላይ አድርግልን» አለችው። እሱም ሁሉንም ኢንተርኔት ላይ ጭኖ፣ ሸሚዙን አስተኩሶ ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ። ልጆቹ በግማሽ ክብ ተቀምጠዋል። ማርታ ወንድሟ እንደሚመጣ ለሁሉም ነግራ ስለነበር ፊት ወንበር ላይ እንደ ሙሽራ ነው የተቀመጠችው። ኤርሚያስ የመጀመሪያውን ታብሌት ከፈተ። ነጭ ገጽ መጣ፣ መሀሉ ላይ ባዶ ግራጫ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ ይሄ መሣሪያ ፍላሽን አይቀበልም የሚል አንድ መስመር እንግሊዝኛ። በጣቱ ነካው። ዘግቶ ከፈተው። ሁለተኛውን አነሳ፣ ሦስተኛውን፣ እስከ አሥራ ሁለተኛው። ልጆቹ ግራጫው ሳጥን የትምህርቱ መጀመሪያ መስሏቸው ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይጠብቃሉ። በመጨረሻ አንዱ እጁን አውጥቶ «ተጀምሯል?» ብሎ በምልክት ጠየቀ። ማርታ ወደ ኤርሚያስ አልዞረችም፤ የጓደኞቿን ፊት ነው የምታየው።

ከዚያ በኋላ ነው ክርክሩ የተጀመረው። ነቢዩ ከእኛ ሁለት ቤት አልፎ የሚኖር፣ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ከኤርሚያስ ያልተለየ ጓደኛው ሲሆን፣ ብስራተ ገብርኤል አካባቢ አንድ ቢሮ ውስጥ ድረ ገጽ ይሠራ ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይመጣና ግቢያችን ካለው ዘይቱን ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። መጀመሪያ መጀመሪያ ላይ ስለ ኳስም ያወሩ ነበር።

«ታብሌት ሠሪዎቹ ፍላሽን አይጨምሩትም» ይላል ነቢዩ። «ባትሪ ይበላል፣ ማሽኑን ያግላል። ደግሞ ለማውዝ ነው እንጂ ለጣት አልተሠራም። ያለ ፍላሽ በሚሠራው በአዲሱ መንገድ ከሥር እንጀምረው፣ እኔ አግዝሃለሁ።»

«ግማሹ ኢንተርኔት በፍላሽ የተሠራ ነው። ግማሹን ዘግተው የት ይደርሳሉ? ዓመት አይሞላም፣ ይከፍቱታል።»

«እስከዚያ በቪዲዮ እንስጣቸዋ።»

«ቪዲዮ መልስ አይሰጥም። ስትሳሳት ማን ይነግራታል?»

«እሱስ ልክ ነህ። ግን አንተ ዓመት አለህ ኤርሚ፤ እሷ የላትም። ስምንት ዓመቷ ነው።»

ሁለቱም ልክ እንደነበሩ ለማወቅ ስንት ዓመት ፈጀብኝ። ያኔ የወንድሜ ወገን ነበርኩ። ነቢዩ ሲመጣ ፊቴን አጥቁሬ እገባለሁ። ኤርሚያስ ኢንተርኔት ቤት ሄዶ ስለዚሁ ጉዳይ በዓለም ዙሪያ የሚነታረኩ ሰዎች የጻፉትን አሳትሞ ሲመጣ፣ ለእሱ የሚፈርደውን ቦታ በቀይ እስክሪብቶ የማሰምረው እኔ ነበርኩ። አብዛኞቹ የሚሰዳደቡት ጨዋታ አልከፈት ብሏቸው ነው፤ አንድም መስማት የተሳነው ልጅ የሚያነሳ አልነበረም። ኤርሚያስ ግን እነዚያን ሰዎች እንደ ጎረቤት ያውቃቸው ጀመር። «ያ የካናዳው ዛሬም ልክ ልካቸውን ነገራቸው» ይለናል ምሳ ላይ።

አንድ ጊዜ የነቢዩ የአክስት ልጅ ከዱባይ የሌላ ፋብሪካ ታብሌት ይዞ መጣና እሱ ላይ ተከፈተ። ያን እሑድ የኤርሚያስ ደስታ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ልጅቷ ጭቃ ውስጥ የምትሄድ ይመስል እየተጎተተች መጣች፣ እጇን አነሳች፣ «ላም» ሳትል እጇ አየር ላይ ደርቆ ቀረ፣ ታብሌቱም እንደ ካውያ ጋለ። «አየህ፣ ይቻላል» አለ ኤርሚያስ። ጥቂት ወራት እንዳለፉ የፍላሽ ባለቤቶች ራሳቸው ለስልክና ለታብሌት መሥራቱን እንደተዉት አስታወቁ። ኤርሚያስ ዜናውን ሥራ ቦታ አንብቦ በቀትር መጣ፣ ጫማውን ሳያወልቅ አልጋው ላይ ወጣና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ነቢዩ ለካ ታግሶ ታግሶ፣ አምስቱን ትምህርት ከስክሪን ላይ በቪዲዮ ቀድቶ ለመምህርት ዘነበች ሰጥቷት ኖሯል። ማርታ ከትምህርት ቤት እየሮጠች መጥታ ልጅቷ ታብሌቱ ላይ እንደመጣች ስትነግረን ነው ያወቅነው። ኤርሚያስ ተነሥቶ ነቢዩ ቤት ሄደ፤ ተከተልኩት።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ልጆቹ ባዶ ሳጥን ማየት ከጀመሩ ዓመት አለፋቸው።»

«የኔ እጅ ነው ነቢዩ። ሰው እጁ ሳይጠየቅ አይወሰድበትም።»

ነቢዩ ሊይዘው ሲል ኤርሚያስ ገፈተረው። በማግሥቱ ትምህርት ቤቱ ሄዶ ቪዲዮዎቹን አስጠፋ፤ በአዲሱ መንገድ ራሴ ሠርቼ አመጣለሁ ብሎ። እኔም ደግ አደረግህ አልኩት። ሁለቱ ከዚያ ወዲህ አልተነጋገሩም።

ኤርሚያስ የጀመረውን ሥራ ሳያጋምሰው ኩላሊቱን ታመመ። እሱ ሆስፒታል እያለ መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩም ተቃጠለ፤ የቀረው ቀደም ብሎ ሁለት ሲዲ ላይ የገለበጠው የሥራው ዋና ቅጂ ብቻ ነበር። አንድ ቀን ምሳ ይዤለት ስገባ እጄን ያዘኝ። ፊቱ አብጦ ዓይኑ ጠቧል።

«ሲዲዎቹን ለነቢዩ ስጪው። ከእሱ በቀር የሚጨርሰው የለም። ልክ ነህ ብሎሃል በይው።»

እሺ አልኩ። ሲዲዎቹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁና መሳቢያ ውስጥ ከተትኳቸው። በሦስተኛው ቀን «ሰጠሽው?» አለኝ።

«ሰጠሁት።»

«ምን አለ?»

«ደስ አለው። እሠራዋለሁ አለ።»

ዓይኑን ጨፍኖ እንደ መሣቅ አለ። ከዚያ በኋላ ስለ ሥራው አንሥቶ አያውቅም። እፎይ ያለ ሰው ነበር የሚመስለው፤ በሳምንቱ ሞተ።

ለቅሶው ላይ ድንኳን የተከለው፣ አግዳሚ የተሸከመው ነቢዩ ነው። በሠልስቱ አጠገቤ ተቀምጦ ቀስ ብሎ «ኤርሚ የተወው ነገር አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። «ኮምፒውተሩ ተቃጥሏል» አልኩት። እውነት ነው፤ ተቃጥሏል። በወንድሜ ላይ አንድም ክፉ ነገር እንዳላደረገ በደንብ አውቅ ነበር። ይቅር ያላልኩት ልክ መሆኑን ነው።

ማርታ አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ደገመች፣ ስድስተኛ ላይ ተወች። መምህርት ዘነበች ሌላ ቦታ ተዛውራ ነበር፤ ታብሌቶቹም አንድ በአንድ ተሰብረው አለቁ። ማርታ አሁን ሀና ማርያም ሠፈር አንድ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች፤ እጇ ወርቅ ነው ይላሉ። የምትሰፋላቸው ሰዎች ልካቸውን ጽፈው ሲሰጧት ቁጥሩን እንጂ ቃሉን አታነብም።

ኤርሚያስ በሞተ በዘጠኝ ዓመቱ ሲዲዎቹን ይዤ ነቢዩ ቢሮ ሄድኩ። ፀጉሩ ገና በጊዜው ሸብቷል። ሁሉንም ነገርኩት፤ ሆስፒታል የዋሸሁትን፣ ለቅሶው ላይ የመለስኩለትን። ሲዲውን ከማህደሩ አወጣው። ቆርቆሮው ሥር በሙቀት ስንት በጋ የከረመው ብርማ ጀርባ እንደ ተቃጠለ ቆዳ ተልጦ ማህደሩ ላይ ቀረ። ያም ሆኖ ማሽን ፈልጎ አስገባው። ዞረ፣ ገጭ ገጭ አለ፣ መልሶ ተፋው። ሁለተኛውም እንደዚያው።

«ያኔ ቢሆን ሁለት ወር ይበቃኝ ነበር» አለ።

«ልክ ነህ ብሎሃል» አልኩት፤ መልእክቱ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቶ።

ነቢዩ ሲዲውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ልክ መሆን ፈልጌ መሰለሽ?» አለኝ።

ለማርታ ግን ለመናገር ድፍረት ያገኘሁት ገና ትናንት ነው፤ ሀና ማርያም በተከራየችው ክፍል ውስጥ የእናታችንን አልጋ ገጥመን ስናበቃ፣ መሬት ላይ ተቀምጠን። የምልክት ቋንቋዬ ከኤርሚያስ ወዲህ ደክሟል፤ ብዙ ቃል ጠፍቶብኝ እየተንተባተብኩ ነው የነገርኳት። እስክጨርስ ታገሠችኝ። ታለቅሳለች ወይም ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ፣ እሷ ግን የሲዲዎቹን ነገር ትታ ሌላ አነሣች። 

«እሑድ እሑድ በመስኮት አያቸው ነበር» አለችኝ። «ኤርሚያስንና ነቢዩን። እጃቸውን እያወናጨፉ ሲነጋገሩ። ለኔ ብለው በእጅ ማውራት የጀመሩ መስሎኝ ነበር። ግን አንድም ቃል አልገባኝም። ክፍል ውስጥ የምማረው ሌላ፣ እነሱ የሚያወሩት ሌላ። በጆሮዬም በእጄም የማይገባኝ ልጅ ነኝ አልኩ። ትምህርት እንደማይሆነኝ ያኔ ነው ያወቅሁት።»

እነዚያን እሑዶች እሷ ከቆመችበት መስኮት በኩል አስቤያቸው አላውቅም ነበር። የጠፋውን ሁሉ በልቤ ቆጥሬ የጨረስኩ ይመስለኝ ነበር፤ አርባ ሁለቱን ትምህርት፣ ወንድሜን፣ የሁለት ሰዎችን ወዳጅነት። አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ መስኮት ሥር ቆማ በራሷ ላይ የፈረደችውን ግን አልቆጠርኩም።

«ምን ነበር የሚሉት?» አለችኝ።

«ስላንቺ ነበር» አልኳት።

ረዘም ላለ ጊዜ እጆቼን አየቻቸው፤ በትክክል የተናገርኩ መሆኔን የምታጣራ ይመስል።

«ታዲያ ለምን አልጠሩኝም?» አለች።