ቤት ውስጥ ያለው ዘር

የመጀመሪያውን ድንጋይ የወረወረው የአንዲት ተማሪ አባት ነው። ድንጋዩ የሽማግሌ ባልደረባዬን መንጋጋ ሲሰብረው ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ፤ ዛሬም አሰላ ሰፈራችን ውስጥ ማገዶ ሲፈለጥ ስሰማ መስኮቴን እዘጋለሁ። ሽማግሌው ተንበረከኩ። ሁለተኛው ድንጋይ ግራ ጆሯቸው ላይ አረፈ። ከዚያ በኋላ የመጣውን አልቆጠርኩትም።

ነገሩ የተጀመረው ግን በእኔ ቀይ እስክሪብቶ ነው። ብዙ ዓመት ባዮሎጂ ካስተማርኩ በኋላ አንድ ለትርፍ ያልቆመ የምርምር ተቋም ገባሁ። የእጽዋቱን ሊቅ፣ የሒሳቡን ሰው፣ የአፈሩን ባለሙያና እንደ እኔ ያለ ነገረኛ አስተማሪ አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ አስቀምጦ የሚያጨቃጭቅ ቤት ነው። የዚያ ዓመት ሥራችን የጥንት ስንዴና ገብስ ፍለጋ ነበር። ዋግ የሚሉት የእህል በሽታ ማሳውን እያዛገ አርሲን ሲያስለቅስ፣ በየገበሬው ጓዳ ከተቀመጠው ዘር የትኛው እንደሚቋቋመው ማወቅ ፈለግን። ልጆችም ሳይንስን በእጃቸው ይሥሩት ብለን፣ ቤተሰባቸውን ጠይቀው የሚሞሉት ቅጽ አዘጋጀን። አዘጋጀን እላለሁ እንጂ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

የእጽዋቱ ሊቅ፣ ኋላ ድንጋዩ ያገኛቸው ሽማግሌ፣ ጡረታ ወጥተው ማረፍ እምቢ ያላቸው ሰው ናቸው። ረቂቁን አንብበው “‘የእህል ዘር’ በይው” አሉኝ።

“ጋሼ፣ መምህሮቻቸው ክፍል ውስጥ ያስረዷቸው የለም? ሌላ ምን ሊመስላቸው ነው?” አልኩና “የእህል” የምትለዋን ቃል ሰረዝኳት። ትርፍ ቃል እንደ አረም ነው የምጠላው። ተማሪዎቼም በዚህ ያውቁኛል፤ ስንቱን ጎበዝ ልጅ በአንድ ትርፍ ቃል አስለቅሼዋለሁ።

“እንግዲህ አንቺ ካልሽ” ብለው ሳቁ። ወደ ኦሮምኛ የመለሰልን ሰውም “ሰኚ” ብሎ ጻፈው። በዚያም ቋንቋ ቢሆን ሰኚ የእህልም ነው፣ የሰውም ነው።

ቅጹ አራት ጥያቄ ብቻ ነበረው። ቤት ውስጥ ያለው ዘር ምንድን ነው? ከየት መጣ? መቼ ገባ? ስንት ቀረ?

አሁን ሳነበው ይዘገንነኛል። ያኔ ግን አጭርነቱ አኩርቶኝ ነበር። ዘር የሚለው ቃል ከጎተራ ወጥቶ ሰው ማስገደያ በሆነበት ዘመን፣ እኔ ጎተራውን ብቻ እያሰብኩ ጻፍኩት። ዓርብ ለተማሪዎቹ ታደለ። መምህሩ ክፍል ውስጥ ያስረዳው ነገር ክፍል ውስጥ ቀረና ወረቀቱ ብቻውን ቤት ገባ። ቅዳሜ ገበያ ላይ ተነበበ፤ እሑድ ሰው በሩን ዘግቶ አደረ። አንዳንዱ ልጆቹን ዘመድ ቤት ልኮ ነበር አሉ።

ሰኞ ጠዋት የተሞላውን ልንሰበስብ ከሮቤ መንገድ ገባ ወዳለው ትምህርት ቤት ሄድን። በሩን ሕዝብ ሞልቶታል። ያ አባት ወረቀቱን ከፍ አድርጎ “‘ስንት ቀረ’ ማለት ምንድን ነው? ልትጨርሱን ነው ወይ?” አለ። ዛሬ ሳስበው ከቁጣው ፍርሃቱ ይበልጥ ነበር። “ማነው ይሄን የጻፈው?”

እኔ ከመኪናው በር አጠገብ ቆሜአለሁ። የበሩን እጀታ ያዝኩ። ሽማግሌው ዞር ብለው አዩኝና ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዱ። “እኔ ነኝ የጻፍኩት። ነገሩ ስለ እህል ነው፣ ልጄ” አሉ። ከዚያ በላይ የሚናገር መንጋጋ አልነበራቸውም።

መስታወቱ ረገፈ። ሾፌራችን ወንበር ሥር ገባ። እኔን አንዱ በጸጉሬ ጎትቶ መሬት ላይ ጣለኝ፤ ፊቴ ላይ ያረፈውን እጅ ደሙ አፌን እስኪሞላው ድረስ ነከስኩት። ሰውየው ሲጮህ ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። መንከስ የቻለው አፌ ግን “እኔ ነኝ” የምትል ሁለት ቃል አቃተው። ሽማግሌው ከሦስት እርምጃ በማይርቅ ቦታ በእኔ ፋንታ ይረገጡ ነበር፤ የጎናቸውን አጥንት ድምፅ እሰማለሁ።

ያዳኑን ሴቶች ናቸው። ሲያገቡ የሚሰጣቸውን ቀጭን ዘንግ፣ ሲንቄያቸውን፣ ይዘው እልል እያሉ መሐል ገቡ። ሲንቄ በቆመበት ወንድ እጁን አያነሳም፤ አርሲ ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም። ሆኖም አንዱ አስቀድሞ ያነሳውን ዱላ ሳያሳርፈው አልተመለሰም። ሴቶቹ ሽማግሌውን በነጠላ ተሸክመው መኪናው ውስጥ አስገቡልን።

ሆስፒታል የሽማግሌው ባለቤት እጄን ይዛ ሳመችው። “አንቺ ባታደርሺልኝ ሬሳውን ነበር የምረከበው” አለችኝ። ደሙን ከልብሴ ያጠበችልኝም እሷ ናት። የጻፍኩት እኔ መሆኔን ለእናቴ ብቻ ነገርኳት፤ እሷም “ዝም አይነቅዝም፣ ልጄ” አለችኝ። የእሳቸው መንጋጋ በሽቦ ታስሮ ሾርባ በቱቦ ይመጥጡ ነበር፤ ግራ ጆሯቸው ጨርሶ ደነቆረ። በየቀኑ እጠይቃቸዋለሁ፤ ባለቤታቸው ምሳ ሳታበላ አትሸኘኝም። ቤቴ ስመለስ ሳህን እሰብራለሁ፣ ባሌን ያለ ነገሩ እሰድባለሁ። ራሴን ጠልቼ ነበር፤ ሌላ ስም የለውም።

ሽቦው ሳይፈታ የአገር ሽማግሌዎች ለዕርቅ ወደ ባልደረባዬ ግቢ መጡ። ያ አባት የይቅርታ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር በሁለት እጁ ይዞ በር ላይ ተንበርክኳል። ከመካከላቸው ትልቁ “ዕርቅ የሚቆመው እውነት ወጥቶ ሲያልቅ ነው፤ ሁሉም ያደረገውን ይናገር” አሉ።

አባትየው መሬት መሬት እያየ “የመጀመሪያው ድንጋይ የእኔ ነው” አለ። ሌላውም ዱላው የእሱ እንደነበረ ተናገረ። አንዱ የታሰረ እጁን አሳየና “እቺ ሴት ነክሳኛለች፣ እኔም በጸጉሯ ጎትቻታለሁ” ሲል ጥቂቶች ሳቁ።

“ወረቀቱንስ የጻፈው?” አሉ ትልቁ።

ባልደረባዬ መናገር ስለማይችሉ መዳፋቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ። እኔ ነኝ ማለታቸው ነው። ለሁለተኛ ጊዜ። ፊታቸው ላይ ቅሬታ እንኳ አላየሁም፤ ይህን መቋቋም አልቻልኩም።

“አይደሉም” አልኩና ተነሳሁ። “እኔ ነኝ የጻፍኩት። ‘የእህል’ በይው ብለውኝ ነበር፤ እኔ ነኝ የሰረዝኩት። ሲጠየቅም ሰምቼ ዝም አልኩ።”

ባለቤታቸው የያዘችውን የሾርባ ሳህን ቀስ ብላ አስቀመጠች። መጥታ ፊት ለፊቴ ቆመችና ባላት ኃይል በጥፊ መታችኝ። ጆሮዬ ጮኸ፣ ከንፈሬ ደማ። ማንም አልተነሳም፤ እኔም እጄን አላነሳሁም።

ወደ ቦታዋ ተመልሳ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ሳህኑንም አነሳች።

“አሁን ቀጥሉ” አለቻቸው።