ሄዳ የተመለሰችው ሴት

ዚነት ቆቦ ገበያ ሽንኩርት ትሸጣለች። ስታገባ ከዘጠነኛ ክፍል ያቋረጠችውን ትምህርት የቀጠለችው ሁለተኛ ልጇ ትምህርት ቤት ከገባ በኋላ ነው። አመሻሹ ላይ ዕቃዋን ሰብስባ፣ የሽንኩርቱ ሽታ እንዲለቃት እጇን በሎሚ አሽታ፣ ከማታ ተማሪዎች ጋር ትቀመጣለች።

ሌላውን ትምህርት እንደምንም ገፋችው። የፊዚክስን የመጀመሪያ ፈተና ግን ወደቀች። ያሳሳታት አንድ ቃል ነው። «ዲስፕሌስመንት» የሚለውን መዝገበ ቃላት ላይ ብትፈልግ «መፈናቀል» ይላል። መፈናቀልን ደግሞ ታውቀዋለች፤ ጦርነቱ ቆቦ የደረሰ ጊዜ ልጅ አዝላ፣ ሲገኝ በጭነት መኪና ሲጠፋ በእግሯ፣ ደሴ ድረስ ተሰድዳለች። ጥያቄው «አንዲት ሴት ሄዳ ተመለሰች» ሲል መሄጃውንም መመለሻውንም ደምራ ጻፈች።

መምህሯ ደሳለኝ ወረቀቱን ከመለሰ በኋላ አስቀራት።

«ለምን ደመርሽው?»

ነገረችው። ጠመኔ አነሳ።

«እዚህ የሚጠየቀው ከተነሳሽበት ምን ያህል ርቀሽ፣ በየትኛው አቅጣጫ እንደተገኘሽ ነው። ከዚህ ወደ ዋጃ ስድስት ኪሎ ሜትር ሄድሽ እንበል። የረሳሽው ነገር ትዝ አለሽና ሁለቱን ተመለስሽ። አሁን የት ነሽ?»

«አራተኛው ላይ። በሰሜን በኩል።»

«ዲስፕሌስመንትሽ እሱ ነው። ጠቅላላው ሁለት ሰዓት ቢፈጅብሽስ?»

«አራት ለሁለት... በሰዓት ሁለት ኪሎ ሜትር፣ ወደ ሰሜን።»

«አማካይ ቬሎሲቲ ማለት ይኸው ነው። እግርሽ የሄደው ስምንቱ ርቀት ይባላል።»

ዚነት ሰሌዳውን አየች።

«ቤቴ ከተመለስኩስ?»

«ዜሮ።»

«ደሴ ድረስ ሄጄም?»

«ደሴ ድረስ ሄደሽም።»

«ድካሙ ታዲያ የት ገባ?»

«ርቀቱ ውስጥ አለ። እሱን ማንም አይቀንስብሽም።»

ዚነት ሳቋ አመለጣት። «ዜሮ ማለት ቤቴ ነኝ ማለት ነዋ! አልሐምዱሊላህ።»

ሁለተኛው ፈተና ደረሰ። የዚያን ዕለት ገበያ ላይ ለደንበኛ መልስ መስጠት ሁሉ ጠፋባት። ውጤቱ የተነገረ ጊዜ ባሏ ፈንታው ትምህርት ቤቱ በር ላይ ባጃጅ አስቁሞ ይጠብቃት ነበር። ፊቷን አይቶ ደነገጠ።

«ወደቅሽ እንዴ?»

«አልፌያለሁ! ፊዚክስንም!»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

«እኔ እንጃ፤ ዝም ብለህ ሹፌሩን ንገረው ይንዳ።»

ቤት እንደገቡ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ልጆቿ መሃል ጋደም አለች፤ እራት ሳይቀርብ እንቅልፍ ወሰዳት።